ቂም ይዞ ጸሎት እንዳይሆን፦ የበደለንን ሰው ይቅር የማለት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አብሮ አደጌ የእቁብ ዋስ ሆንኩ። 20 ሰው፣ በወር 3,000 ብር። በሦስተኛው ዙር ዕጣው ለሱ ወጣና 60,000 ብሩን ይዞ ሄደ። እስከ አምስተኛው ወር ከፈለ። በስድስተኛው ስልኩን ዘጋ። የቀረው የ15 ወር ክፍያ፣ 45,000 ብር፣ እኔ ላይ ወደቀ። ዋስ ነኛ!

ብሩ አቃጥሎኛል። የባሰው ግን ሌላ ነበር። በየወሩ የእቁቡ ዳኛ የሱን ስም ሲጠራ "አቤት" የምለው እኔ ነበርኩ። ማታ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል። አያቴ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይሉ ነበር። የሚያስል ሌባ ደጃፍ ላይ ይያዛል። እኔም በየማታው ያችው ሐረግ ላይ እያሳልኩ እያዝ ነበር።

ቄስም ፓስተርም አይደለሁም። ከዚህ በታች ያለው ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበብኩት፣ ከአባቶች የሰማሁትና ተሰናክዬበት የተማርኩት ነው። የእናንተ በደል ከኔ እቁብ በብዙ ሊከብድ ይችላል። እርምጃዎቹ ግን ለከባዱም የሚሠሩ ይመስለኛል፤ ለየት የሚለው ጋ ስንደርስ እናገራለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራው

"ይቅር" የመጣው "ቀረ" ከሚለው ነው። ሻይ ጨምር ሲሉን "ይቅርብኝ" እንላለን። ሻይ የለም ማለታችን አይደለም። አለ፣ ቀርቦልኛል፣ ግን ይቅርብኝ። የበደለንን ሰው "ይቅር" ስንልም እንደዚሁ ነው፦ ልበቀልህ እችል ነበር፣ ምክንያትም አለኝ፣ ግን ይቅርብኝ። በግዕዙ አቡነ ዘበሰማያት ያለውም "ኅድግ ለነ አበሳነ" ነው፤ ተውልን ማለት ነው። "አልተበደልኩም" ወይም "ረሳሁት" የሚል ትርጉም ቃሉ ውስጥ የለም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" የሚለው ተረት እውነቱን ነው፤ አለመርሳት ኃጢአት አይደለም።

ይቅርታና እርቅም ይለያያሉ። ይቅርታን ብቻችሁን ጀምራችሁ ብቻችሁን ልትጨርሱት ትችላላችሁ። እርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጳውሎስ በሮሜ 12፥18 "ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ" ይላል። "ቢቻላችሁስ" እና "በእናንተ በኩል" የሚሉትን ልብ በሉልኝ። በሌላው በኩል ያለውን እናንተ አትሸከሙትም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ በደሉ ቆሟል?

ዛሬም የሚደበድብሽ ሰው ቤት ውስጥ ሆነሽ ይህን የምታነቢ ከሆነ ቀጣዮቹን እርምጃዎች ለጊዜው ተያቸው። በመጀመሪያ ከዚያ ቤት ውጪ። ሐኪም ይይሽ፣ ፖሊስ ይወቅ፣ የምታምኛት ሰው ጋ እደሪ። "ተሸከሚው፣ መስቀልሽ ነው" የሚል መካሪ አይጠፋም። ጌታ ተሸከሙ ያለው መስቀል የባል ቡጢ አይደለም።

መክሰስ ይቅርታን አያፈርስም። ለአሳዳጆቻችሁ መርቁ ብሎ የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ አስቁሟቸዋል፤ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው አሳሰሩትና ሲነጋ በስውር ሊሸኙት ፈለጉ። እምቢ አለ። ራሳቸው ይምጡና ያውጡን አለ። መጥተውም ማለዷቸው። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም፤ ሕግ ፊት ይቅረብ። ይቅርታው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

አንደኛ፦ ሂሳቡን ጻፉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር። "በቃ ይቅር ብዬዋለሁ" አልኩና በሳምንቱ ስሙ ሲነሣ ፊቴ ጠቆረ። ምን እንደተውኩ ሳላውቅ ነበር የተውኩት።

በማቴዎስ 18 ያለው ንጉሥ ዕዳ ከመማሩ በፊት ያደረገውን እዩ። ባሮቹን ጠርቶ ተቆጣጠረ። ሂሳቡ ተሠላ፣ ቁጥሩ ታወቀ፣ ምሕረቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ቁጥሩ ያልታወቀ ዕዳ አይሰረዝም።

አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ። በግራ ያደረገውን፣ በቀኝ ያስከፈላችሁን ጻፉ። ስድብ አትጻፉ። "ከሃዲ" የሂሳብ መዝገብ ውስጥ የሚገባ ቃል አይደለም፤ "በስድስተኛው ወር ስልኩን ዘጋ" ግን ይገባል። የኔ ወረቀት በቀኝ በኩል እንዲህ ይል ነበር፦ 45,000 ብር። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ወር መዘግየቱ። ባለቤቴ "ነግሬህ ነበር" ያለችኝ ማታ። በሰው ስም "አቤት" ያልኩባቸው 15 እሁዶች። የመጨረሻውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፦ ከዚያ ወዲህ ሰው ብር ሲበደረኝ ዓይን ዓይኑን ማየቴ።

ከታች አንድ መስመር ለራሳችሁ ተዉ፦ እኔስ? ባለቤቴን ሳላማክር ዋስ መሆኔን ጻፍኩ። ይህች መስመር ግን ለሁሉም አይደለችም። የተደፈረ ወይም በልጅነቱ የተጠቃ ሰው እዚያ ላይ የሚጽፈው የለውም። ባዶ ትሁን።

ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ባለበት ቀን ምን እንዳላቸው ታስታውሳላችሁ? "ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ዮሴፍ እኔ ነኝ።" የሸጣችሁኝ አለ። አላለሳለሰውም።

ወደ ማቴዎስ 18ቱ የንጉሡ ምሳሌ ተመልሰን ትንሽ እንቆይ፤ በስብከት ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለው። ለመጀመሪያው ባሪያ የተተወለት እልፍ መክሊት ነው፤ እልፍ 10,000 ነው። ጓደኛው ያለበት ደግሞ 100 ዲናር። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይሆናል። እልፍ መክሊት እንግዲህ የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት። የማይከፈል መሆኑ ግልጽ ነው። ግን 100 ዲናሩንም አስቡት። የመቶ ቀን ልፋት ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ደመወዝ። ጌታ በምሳሌው "ጓደኛህ ያጎደለብህ ሳንቲም ናት" አላለም። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ለአንተ የተተወልህን ግን እየው ነው ያለው። ሰው በደሉን ሲያጫውታችሁ "ይሄማ ምን አላት" የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ።

ሁለተኛ፦ ቁጣውን ለዳኛው አቅርቡ

በኛ አገር ጠላቱ ላይ ዳዊት የሚደግም ሰው አይጠፋም። በሰማንያ አሐዱው 108ኛው፣ በሌላው ቁጥር 109ኛው መዝሙር የታወቀ ነው፤ ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ እስከማለት ይደርሳል። ዳዊትን ጥይት ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። ግን እንዲህ ዓይነት ቃል ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ ራሱ ይነግረናል፦ እንዲህ የሚሰማው ሰው መጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ይናገረው። ዳዊት ተናግሮ ሰይፉን አላነሣም፤ አቤቱታውን ለዳኛው ትቶ ወጣ።

ወዳጅ ለከዳው ሰው ደግሞ 54ኛው (በሌላው ቁጥር 55ኛው) አለ። ጠላት ቢሆን እታገሥ ነበር፣ አንተ ግን አብረን እንበላ የነበርን ባልንጀራዬ ነህ ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። በኤፌሶን 4፥26 የተጻፈውም "አትቆጡ" አይደለም። ተቆጡ፣ ኃጢአት ግን አትሥሩ ነው።

ሦስተኛ፦ ወስኑ፣ በድምፅ ተናገሩት

ይቅርታ እንደ ዝናብ እስኪመጣ የሚጠበቅ ስሜት አይደለም። ቀንና ቦታ የሚቆረጥለት ውሳኔ ነው።

ኮሪ ተን ቡም የምትባል ሆላንዳዊት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤተሰቧ አይሁዳውያንን ሲሸሽግ ተይዛ ራቨንስብሩክ የሚባል የናዚ ማጎሪያ ገባች። እህቷ ቤትሲ በታኅሣሥ 1944 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተች። በ1947 እ.ኤ.አ. ኮሪ ሙኒክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ይቅርታ አስተምራ ስትጨርስ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ መጣ። አወቀችው። የዚያ ካምፕ ጠባቂ ነበር። ይቅርታ ጠየቃት። እጇ አልነሣ አላት። ምንም ፍቅር አልተሰማትም። በልቧ "ኢየሱስ ሆይ እርዳኝ፣ እጄን ማንሣት እችላለሁ፣ ስሜቱን አንተ ስጠኝ" ብላ ጸለየችና እጇን እንደ እንጨት ዘረጋች። ሙቀቱ የመጣው እጇ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ስለዚህ በሩን ዝጉ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ቁሙ፣ አንድ በአንድ አንብቡ፣ በእያንዳንዱ መጨረሻ "ይህንንም ለእግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ" በሉ። በስሜት መንቀጥቀጥ አያስፈልግም። የኔ ድምፅ የመብራት ቢል እንደሚያነብ ሰው ነበር። የንስሐ አባት ያላችሁ በሳቸው ፊት፣ ፓስተር ያላችሁ በሱ ፊት ብታደርጉት ይጠነክራል፤ ምስክር ያለው ነገር ለመካድ አይመችም። ከዚያ ወረቀቱን ቅደዱት። ቆላስይስ 2፥14 ክርስቶስ የዕዳችንን ጽሕፈት በመስቀል ጠርቆ አስወገደው ይላል፤ የኛንም እዚያው ማስቀመጥ ነው።

በትክክል የምንተወው ምንድን ነው? እኔ ሦስት ነገር ነው የምለው። መልሶ መጉዳትን። በየቡናው ስሙን ማንሣትን። ሲወድቅ ለማየት መጓጓትን። ሦስተኛው ነው የከበደኝ።

"ብሬንስ ልጠይቅ?" የሚል ካለ፣ አዎ፣ መጠየቅ ይቻላል። ካሳ ከይቅርታ ጋር አይጣላም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጌታ "ተወው፣ ይቅር" አላለውም። ከሁሉ የሚገርመኝ የፊልሞና መልእክት ነው። አናሲሞስ ጌታውን ትቶ የጠፋ ባሪያ ነው። ጳውሎስ ለጌታው ሲጽፍ ይቅር በለው ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ዋስ ሆነ ማለት ነው! እኔ ያማረርኩበትን ሥራ ጳውሎስ ወዶ ገባበት።

አራተኛ፦ ጸልዩለት፣ ግን እንዲህ አይደለም

"ልቦና ይስጠው።" ይህቺን ጸሎት ሁላችንም እናውቃታለን። ጥርስ ተነክሶ ስትባል ከርግማን በአንድ ክንድ ነው የምትርቀው። "የሥራውን ይስጠው" ማ የለየላት ናት።

በሉቃስ 6 ጌታ አራት ግስ ደርድሯል፦ ውደዱ፣ መልካም አድርጉ፣ መርቁ፣ ጸልዩ። ከአራቱ ሦስቱ በእጅና በአፍ የሚሠሩ ናቸው። ከሚቀላችሁ ጀምሩ። ለልጃችሁ የምትለምኑትን ለሱ ለምኑለት፦ ጤና፣ ሥራ፣ የእናቱን ዕድሜ። ጊዜ ቁረጡለት። እኔ ሁዳዴን መረጥኩ፤ ለምግብ ከጾምኩ ለቂምም ልጹም ብዬ። ማታ ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያውን ሳምንት ስሙ አፌ ላይ አልዞር አለኝ። በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት በዓል ገደማ፣ ሳላስበው እናቱ ትዝ አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለሁለታችን እኩል ቆሎ የሚዘግኑልን እናቱ። ከዚያ ወዲያ የምጸልይለት ሰው ፊት አገኘ።

መልካም ማድረጉ ትልቅ መሆን የለበትም። ሥራ ማስታወቂያ አይታችሁ ብትልኩለት በቂ ነው። ሲታማ ዝም ማለትም ይቆጠራል።

አምስተኛ፦ ፊት ለፊት፣ የሚቻል ከሆነ

ማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ገልብጠነዋል፦ መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዚያ ሽማግሌ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ይሰማል።

የምትሉትን አሳጥሩ። እኔ አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፦ "15 ወር ከፍዬልሃለሁ። ብሩም ዝምታህም ጎድቶኛል። ይቅር ብዬሃለሁ። ብሩን ግን በአቅምህ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል።" ካፌ ባትቀመጡ እመክራለሁ፤ ሰው ይሰማናል እያላችሁ ትሸፋፍናላችሁ። እኛ በእግር እየሄድን ነው ያወራነው። ጎን ለጎን ሲሆን ዓይን አይፋጠጥም።

ሽማግሌ ካስፈለገ ምርጫው ላይ አትቸኩሉ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ ለማንም ያልወገነ፣ ከሁሉ በላይ የማይቸኩል ይሁን። "ለሽበታችን ብላችሁ፣ በሉ ተሳሳሙ" ብሎ በአሥር ደቂቃ የሚጨርስ ሽምግልና ቁስሉን ሳያጥብ ይጠቀልለዋል። የጥንቱ ሥርዓት ብልህ ነበር። በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ጥፋቱ ክብደት እንዳለው ሁሉም ያያል። ከዚያ ነው "ይቅር ለእግዚአብሔር" የሚባለው።

በዳዩ "ይቅርታ" ሲላችሁ በይሉኝታ "ኧረ ምንም አይደል" እንዳትሉ። ምንም ነገር ነበረ! ምንም ካልነበረማ ምኑን ነው ይቅር የምትሉት? "ይቅር ለእግዚአብሔር" በሉት፤ ለሁለታችሁም ያርፋል።

መሄድ የሌለባችሁም ጊዜ አለ። ሰውየው አደገኛ ከሆነ አትሂዱ። በልባችሁ እንደጠላችሁት ጭራሽ የማያውቅን ሰው ቀርባችሁ "ቂም ይዤብህ ነበር፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አትበሉት፤ ስድብን በስጦታ መጠቅለል ነው። የሞተ ሰውም ይቅር ይባላል። መቃብሩ ድረስ መሄድ ከቀለላችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ ሦስተኛው እርምጃ ይበቃል።

በዳዩ እናንተ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነው። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል። በቅዳሴም ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ብሎ ሲያውጅ ግራ ቀኝ ጎንበስ የምንለው ለወጉ ብቻ አይደለም።

ስድስተኛ፦ እምነትን ቀስ አድርጉት

ይቅርታ በአንድ ቀን ይሰጣል። እምነት እንደ እቁብ በየወሩ ነው የሚከፈለው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ሲያይ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስከተተና ጠበቀ። ታናሽ ወንድማቸውን እንደሱ ጥለውት ይሄዳሉ ወይ? ይሁዳ "በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን" ሲል ነው የተገለጠላቸው። ያም ሆኖ ያዕቆብ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድሞቹ አሁንም "ይበቀለን ይሆናል" ብለው ፈርተዋል። 17 ዓመት አብሮ በልቶ!

አብሮ አደጌ በዚያ የእግር መንገድ ላይ "አፍሬ ነው የጠፋሁት" አለኝ። በሳምንቱ 5,000 ብር ላከ። 40,000 ይቀራል። ይቅር ብዬዋለሁ። ዋስ ሁነኝ ቢለኝ ግን አልሆንም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ሰባተኛ፦ ሲመለስባችሁ

ይመለሳል። ጴጥሮስ "እስከ ሰባት ጊዜ?" ሲል ጌታ "እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት" አለው። በዘፍጥረት 4 ላሜሕ ሰባ ሰባት እጥፍ እበቀላለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር፤ ጌታ ያንን የፉከራ ቁጥር ወስዶ ለይቅርታ ያዋለው ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አነብበታለሁ፦ አንድን በደል ራሱን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ማለት ያስፈልግ ይሆናል። ቁጣው ሲነሣ ከዜሮ አትጀምሩ። "ያኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አለቀ" በሉና የዕለቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ጸልዩ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ሞቱና የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አብሮ አደጌ ጋቢ ለብሶ ገባ። ክፍቱ ቦታ ከኔ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ነበር። ሆዴ ተገላበጠ። 40,000 የሚለው ቁጥር ግንባሩ ላይ የተጻፈ መሰለኝ። "ያኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አለቀ" አልኩ በልቤ። አንዴ አልበቃም፣ ደገምኩት። የንፍሮው ሳህን በኛ በኩል ሲዞር ተቀበለና ወደኔ አስጠጋው። ዘገንኩ።

"እማማ እንዴት ናቸው?" አልኩት።

"ጉልበታቸውን ነው እንጂ ደህና ናቸው። ሁልጊዜ ይጠይቁሃል።"